የአንድ መንፈቅ ትምህርት በአውሮፓ፦ ምን ይዘን እንሂድ? ምን ይዘን እንመለስ?

«ውጭ አገር» የሚለው ቃል በተማሪ ጆሮ ያለውን ግርማ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። በፋኩልቲው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ስምምነት መሠረት ለአንድ መንፈቀ ዓመት የሚላኩ ተማሪዎች እንደሚመረጡ የሚገልጽ ወረቀት የተለጠፈ እንደሆነ፣ ከሰሌዳው ሥር የሚሰበሰበው ተማሪ የፈተና ውጤት ከሚወጣበት ቀን አያንስም። በዚያ ስፍራ የሚሰሙት ጥያቄዎችም የታወቁ ናቸው። አማካይ ውጤቱ ስንት መሆን አለበት? የኪስ ገንዘቡ ስንት ዩሮ ነው? ቪዛው ስንት ቀን ይፈጃል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ሳያሰላ መንገድ የሚወጣ ሰው የለም። ሆኖም ከሁሉ መቅደም የሚገባው አንድ ጥያቄ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም። ይኸውም «ሄጄ ምን ልጠይቅ?» የሚለው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። በአንድ የአውሮፓ ከተማ የሚያሳልፉት መንፈቅ ለተማሪውም ለአገሩም ፍሬ የሚሰጠው፣ ተማሪው ከገዛ ቀዬው የተነሣ፣ ቢቻል ደግሞ በገዛ እጁ መለካት የጀመረውን ጥያቄ ይዞ ሲሄድ ነው እንላለን። ይህን ስንል በምኞት ብቻ ተመርተን አይደለም። ምሳሌው በቅርባችን፣ በምዕራብ ጎጃም አፈር ላይ ይገኛል።

ጥያቄ ይዘው የመጡ እንግዶች

ነገሩን ከተቃራኒው አቅጣጫ እንጀምረው። በሰከላ የምትገኘው ግሽ ዓባይ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀችና የተከበረች ምንጭ ናት። እ.ኤ.አ. በ1618 ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምንጯ ዳር ቆመዋል። ሁለቱም ለአገሬው ሰው አዲስ ነገር አላገኙም። ብሩስ ግን ከአገሩ የተነሣው «የናይል ምንጭ የት ነው?» የሚል ጥያቄ አንግቦ ነበር፤ የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት መሣሪያም ይዞ ነበር። ያየውን መዘገበ፣ የስፍራውን አቀማመጥ ለካ፣ እ.ኤ.አ. በ1790 ደግሞ በአምስት ቅጾች አሳተመ። ረዥሙ የናይል ገባር ነጭ ዓባይ መሆኑ ሲታወቅ የብሩስ መደምደሚያ ሙሉ እንዳልነበረ ታየ። ቢሆንም ስሙ በዓለም የታሪክ መዝገብ ውስጥ ቀረ፤ መንገድ ያሳዩት የሰከላ ሰዎች ስም ግን ከእኛው ዘንድ እንኳ ብዙም አይታወስም።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። እውቀቱ የባለአገሩ ነበር፤ ጥያቄው፣ መለኪያውና መዝገቡ ግን የእንግዳው ነበሩ። ስለዚህ ታሪኩ በእንግዳው ስም ተጻፈ። ጥያቄ ሳይዝ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ተማሪም በአንጻሩ በሌላ ሰው ጥያቄ ላይ ረዳት ሆኖ ይመለሳል። ረዳትነት ክፉ አይደለም፤ ብዙ ሙያ ይገበይበታል። ነገር ግን በዚያው ቢቀር ያሳዝናል።

ወደ አውሮፓ መሄድ ለእኛ ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም። ከጣና ዳር ከዘጌ የወጡት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ ጣሊያን ተልከው በቱሪን ሥዕል ተምረዋል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የታተመውም የእርሳቸው ድርሰት ነው። በሳይንሱ መስክ ደግሞ የኢትዮጵያ ዕፅዋት ጥናት ፕሮጀክትን ማንሣት ይበቃል። ብዙዎቹ የአገራችን ዕፅዋት መጀመሪያ የተሰየሙባቸው የደረቁ ናሙናዎች የሚገኙት በአውሮፓ ከተሞች ነው። ስለሆነም በአንድ የጎጃም መስክ ላይ የበቀለን ሣር በትክክል ለመለየት የሚሻ ሰው ዓይኑን ወደዚያ ማዞር ግድ ይሆንበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክቱን ጀመሩ። ወጣት ኢትዮጵያውያን የዕፅዋት ተመራማሪዎች በኡፕሳላ ሠለጠኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ስድስት ሺህ ያህል ዕፅዋትን የሚገልጸው ባለስምንት ቅጽ ሥራ ተጠናቀቀ። እነዚያ ተማሪዎች ወደ ኡፕሳላ ሲሄዱ በእጃቸው የያዙት የአገራቸውን ቅጠል ነበር።

ከአንጀኒ እስከ በርን

ወደ ቀዬአችን እንመለስ። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በጅጋ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው ደምበጫን ያገኛል። ከደምበጫ በስተሰሜን አንጀኒ የምትባል የገጠር ቀበሌ አለች። እ.ኤ.አ. በ1984 በዚህች ቀበሌ 113 ሄክታር ስፋት ያለው አነስተኛ ተፋሰስ ተመርጦ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመበት። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1981 በኢትዮጵያ መንግሥትና በስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም አካል ነበር። ወሎ ውስጥ ማይባር፣ ሸዋ ውስጥ አንዲት ጥድ እኅት ጣቢያዎቹ ነበሩ።

በአንጀኒ የተሠራው ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። ዝናብ ይለካል፤ የጅረቱ ውኃ ከፍታ ይመዘገባል፤ ጎርፉ ደፍርሶ በሚወርድበት ሰዓት ናሙና በጠርሙስ ይቀዳል፤ ናሙናው ደርቆ አፈሩ ይመዘናል። የሥራው ክብደት ያለው በመደጋገሙ ላይ ነው። ዝናቡ በሌሊትም ይዘንባል፣ በበዓል ቀንም ይዘንባል። በየክረምቱ፣ ዓመት ከዓመት ተቀምጠው የመዘገቡት ከአካባቢው የተቀጠሩ ሠራተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ በተፋሰሱ ውስጥ «ፋንያ ጁ» የሚባለው እርከን ተሠራ። ስሙ ከስዋሂሊ የመጣ ሲሆን «ወደ ላይ መጣል» እንደማለት ነው። ቦዩ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይኛው ወገን ይጣላል፤ ከጊዜ በኋላ በግድቡ ላይ የሚከማቸው አፈር ተዳፋቱን ደረጃ በደረጃ እያስተካከለ ይሄዳል።

እንግዲህ ወደ ነጥባችን የሚያደርሰን ይህ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶ/ር ገቴ ዘለቀ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ፣ አንጀኒንና ደምበጫን ማዕከል በማድረግ በመሬት ገጽታ ለውጥና በአፈር መሸርሸር ላይ ያካሄዱትን የዶክትሬት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 በበርን አሳተሙ። በተከታዩ ዓመት ከፕሮፌሰር ሃንስ ሁርኒ ጋር ባወጡት ጽሑፍም የደምበጫን አካባቢ የመሬት አጠቃቀም በሦስት ዘመናት አነጻጽረው አቀረቡ። በዚያ ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ1957 ከጥናቱ አካባቢ 27 በመቶ የሚሆነው በተፈጥሮ ደን የተሸፈነ ነበር። በ1982 ወደ 2 በመቶ ወረደ፤ በ1995 ደግሞ 0.3 በመቶ ብቻ ቀረ። በዚያው ዘመን የሚታረሰው መሬት ከ39 በመቶ ተነሥቶ 70፣ ቀጥሎም 77 በመቶ ደረሰ።

የደምበጫ አዛውንት ደኑ መመናመኑን ከማንም በፊት ያውቃሉ፤ በልጅነታቸው ጅብ የሚፈሩበት ዱር ዛሬ የጤፍ ማሳ ሆኗልና። በርን የሚገኝ ምሁርም የተራራ መሬት ደኑ ሲነሣ እንደሚሸረሸር ከመጽሐፍ ያውቃል። 27፣ 2 እና 0.3 የሚሉት ቁጥሮች የተገኙት ግን ሁለቱ ሲገናኙ ነው። የደምበጫ መሬት ጥያቄውን አቀረበ፤ የበርን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የምርምር ዘዴውንና ጊዜውን ሰጠ። የውጭ ትምህርት ትርጉሙ ይህ ነው ብለን እናምናለን። ከዚህ ትብብር የተወለደው ግንኙነትም ከዘመናት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 በስዊዘርላንድ ድጋፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ለተቋቋመው የውኃና መሬት ሀብት ማዕከል መሠረት ሆኗል። ማዕከሉንም በዲሬክተርነት የመሩት እኚሁ ዶ/ር ገቴ ናቸው።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ

አንዳንድ አንባቢ «ከአፈር የሚበልጥ ርእስ አልነበረምን?» ይል ይሆናል። እስቲ በእርሳስና በወረቀት እናስላው። ፕሮፌሰር ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት የታወቀ ግምት መሠረት በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት ላይ በየዓመቱ በአማካይ 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር ይሸረሸራል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ስፋት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር 10 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ የአንድ ሜትር ኩብ አፈር ክብደት 1.2 ቶን ነው ብንል 12 ቶን ይመዝናል። ስለዚህ 42 ቶን ማለት 3.5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ይህ የአንድ ብዕር ውፍረት እንኳ አይሞላም። ማሳው ዘንድሮም እንደ አምናው ሆኖ ይታያል።

ነገር ግን ማረሻ የሚደርስበት አፈር 20 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 200 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። 200ን ለ3.5 ብናካፍል 57 ይመጣል። ከተሸረሸረው አፈር ከፊሉ ከታች ባለ ማሳ ላይ እንደሚያርፍ፣ አዲስ አፈርም በዝግታ እንደሚፈጠር እናውቃለን፤ ስሌቱም አማካይ ብቻ ነው። ቢሆንም አንድ ገበሬ ከአባቱ የተረከበው ማሳ የልጅ ልጁ ዘንድ ሳይደርስ ሊያልቅ እንደሚችል ያሳያል። አበው «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ» የሚሉት ይህን ለመሰለው ነገር ነው። በዓይን የማይታየውን ለማየት መለካት ያስፈልጋል።

የአውሮፓ ደን እንዴት ለመለመ?

ወደ በርን የሚሄድ የእኛ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚደነቅባቸው ነገሮች አሉ። ባቡሩ በደቂቃ ይመጣል፤ ከተማዋን ከብቦ የሚፈሰው የአሬ ወንዝ በክረምት እንደሚፈሰው እንደ ብር ወንዝ ቀይ ሳይሆን አረንጓዴ ነው፤ በዙሪያዋ ያሉት ኮረብታዎች በደን ተሸፍነዋል። የተማሪው የመጀመሪያ አሳብ «እነዚህ ሰዎች ታድለዋል» የሚል ሊሆን ይችላል። ይህን ብሎ ፎቶግራፍ አንሥቶ ከተመለሰ መንፈቁ ባከነ ማለት ነው።

ጥያቄ ይዞ የሄደ ተማሪ ግን ወደ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። በዚያም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስዊዘርላንድ ተራሮች ደን ለእንጨትና ለከሰል በሰፊው ተጨፍጭፎ እንደነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ታላቅ ጎርፍ አገሪቱን እንደመታ፣ ከስምንት ዓመት በኋላም በ1876 የተራራ ደንን ከጭፍጨፋ የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ እንደወጣ ያነባል። ዛሬ ከአገሪቱ መሬት አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ደን ነው። ያ ልምላሜ በሕግ፣ በክርክር፣ በመትከልና በጊዜ የመጣ ነው። እርግጥ ነው፣ በዚያው ዘመን የድንጋይ ከሰል በባቡር መምጣቱ እንጨቱን አሳርፎለታል፤ ስለዚህ የደምበጫ ገበሬ ማገዶውን በምን ይተካ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ሕጉን ብቻ መቅዳት አይሠራም። ይህን ልዩነት ሊያይ የሚችለው የሁለቱንም ተራራ የሚያውቅ ተማሪ ነው። ከዚህ የበለጠ ለአንድ መንፈቅ የሚገባ የጥናት ርእስ ከየት ይመጣል?

የዘመን አቆጣጠሩ ሲገጥም

የተማሪዎች ልውውጥ አሠራር ምን ይመስላል ለሚሉ አንባብያን ባጭሩ እንግለጽ። «ኢራስመስ» በመባል የሚታወቀው ፕሮግራም በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት 3,244 ተማሪዎች ከ11 አገሮች ተሳተፉበት። ከ2004 ጀምሮ «ኢራስመስ ሙንዱስ» በሚል ስያሜ ለማስተርስ ትምህርት፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ «ኢራስመስ ፕላስ» በሚለው ሥር ለአጭር ጊዜ ልውውጥ በሩ ለእኛ አህጉር ዩኒቨርሲቲዎችም ተከፍቷል። አንድ መንፈቅ 30 የአውሮፓ ክሬዲት ነው፤ እያንዳንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል። በድምሩ ከ750 እስከ 900 ሰዓት ይሆናል። ይህ የክፍል ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ተማሪው ለብቻው የሚያነበውንም ይጨምራል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ አንድ መልካም አጋጣሚ አለ። በምዕራብ ጎጃም አፈር የሚታጠበው በክረምት፣ በተለይም ለጤፍ ተደጋግሞ የታረሰው ማሳ ራቁቱን በሚሆንበት ወቅት ነው። የአብዛኞቹ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የበልግ መንፈቅ ደግሞ በእኛ መስከረምና ጥቅምት ይጀምራል። ስለዚህ ተማሪው ከሰኔ እስከ ጳጉሜን በቀዬው ይለካል፤ መስቀልን አክብሮ መረጃውን ይዞ ይሄዳል፤ በዚያ ደግሞ የመተንተኛ ዘዴውን ይማርበታል። ክረምቱ የመስክ፣ መንፈቁ የቤተ ሙከራ ይሆናል።

መለኪያውም ቢሆን ውድ አይደለም። የፍኖተ ሰላም ተማሪ በላህ ወይም በብር ወንዝ፣ የቡሬ ተማሪ በፈጣም ወንዝ፣ በድልድይ ላይ ሆኖ ከድፍርስ ውኃ አንድ ሊትር ቀድቶ ማስቀመጥ ይችላል። ውኃው ሲጠል በጥንቃቄ ያንቆረቁረዋል፤ የቀረውን ያደርቃል፤ በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሚዛን ይመዝናል። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቦታ ቢደጋግመው፣ በሐምሌና በነሐሴ መካከል ያለውን ልዩነት በራሱ ቁጥር ያየዋል። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ በማስመሪያ እየለካ ዝናብ መመዝገብም አይከብድም።

ጥያቄውም የግድ ጎርፍ መሆን የለበትም። የኬሚስትሪ ተማሪ የአፈርን ኮምጣጣነት ይውሰድ። ከአገራችን የሚታረስ መሬት 40 በመቶ የሚጠጋው በዚህ ችግር የተጠቃ ነው ይባላል፤ ዝናብ የሚበዛባቸው የምዕራብ ጎጃም ወረዳዎችም ከእነዚህ መካከል ናቸው። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲያንስ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥርን ይጎዳል፣ ፎስፎረስም ለተክሉ በማይገኝበት መልክ ይታሰራል፤ ማዳበሪያው ተበትኖ ሰብሉ ይራባል። ለየትኛው አፈር ምን ያህል ኖራ ይበቃዋል? የባዮሎጂ ተማሪ ደግሞ በአጎራባቹ የአዊ ምድር በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች በስፋት የተከሉትን ዲከረንስ፣ በቅርብ ዓመታትም በዛፉ ላይ የተነሣውን በሽታ ይመርምር። የፊዚክስ ተማሪ የጸሐይ ኃይል ማመንጫ በክረምቱ ደመና ምን ያህል እንደሚደክም ይለካ። እነዚህ ሁሉ በአውሮፓ ቤተ ሙከራ በር ላይ የሚያስከብሩ ጥያቄዎች ናቸው።

መሰናክሎቹ

ይህን ስንል መንገዱ ለሁሉም እኩል ነው ማለታችን አይደለም። ፓስፖርት ማውጣት፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል የቋንቋ ፈተና መፈተን፣ ለቪዛ ወደ አዲስ አበባ መመላለስ፣ በቂ ገንዘብ መኖሩን የሚያሳይ የባንክ ማስረጃ ማቅረብ ለከተማ ልጅ የሚያደክም ሲሆን ለገበሬ ልጅ ግን ከነጭራሹ የተዘጋ በር ይሆናል። የገበሬው ሀብት በሬና ማሳ ነው፤ ኤምባሲ ደግሞ በሬ አይቆጥርም።

ከዚህም በላይ፣ በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ከተባባሰ ወዲህ በምዕራብ ጎጃም ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረዥም ጊዜ ተዘግተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። የማመልከቻ ቀን ግን ኔትወርክ እስኪመጣ አይጠብቅም። ስሟ የሰላም ጎዳና ማለት በሆነች ከተማ የሚኖር ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው ጎዳና ሲዘጋበት ማየት ልብ ይሰብራል። ስለሆነም በአንድ ዓመት ውጤት ብቻ የሚመዝን ምርጫ፣ ትምህርቱ የተቋረጠበትን ተማሪ ሁለት ጊዜ ይቀጣዋል። በየክረምቱ የመዘገበው ደብተር ግን ትምህርት ቤት በተዘጋበትም ዘመን ሊጻፍ የሚችል ማስረጃ ነው።

ሌላው መሰናክል ከራሳችን ከዩኒቨርሲቲዎች የሚመጣ ነው። ተማሪው ሄዶ፣ ተምሮ፣ ተፈትኖ ሲመለስ «ይህ ኮርስ ከእኛ ካሪኩለም ጋር አይገጥምም» ተብሎ መንፈቁን እንደገና እንዲማር የሚደረግበት ጊዜ አለ። የልውውጥ ደንብ ይህን ለመከላከል ተማሪው፣ የሚልከውና የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ሦስቱም አስቀድመው የሚፈርሙት የትምህርት ውል አዘጋጅቷል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ በሬጅስትራር መስኮት ላይ ሊፈርስ አይገባም።

የሚነሣ ተቃውሞ

«ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት ዓለምን በነጻነት ይይ፤ ለምን የቀዬውን ሸክም ታሸክሙታላችሁ?» የሚሉ አሉ። አሳባቸው ክብደት አለው። ሳይንስ ያደገው ጥቅሙ ወዲያው በማይታይ ጉጉት ጭምር ነው፤ ስለ ከዋክብት ለማወቅ የሚሻውን የቡሬ ልጅ «አፈር ካላጠናህ» ልንለው አንችልም። እኛም የምንጠይቀው ርእስን መገደብ አይደለም። የኮከብ ጥያቄም ቢሆን ከቡሬ ሰማይ ሊነሣ ይችላል፤ የከተማ መብራት ያልበዛበት ሰማይ ደግሞ ብዙ አውሮፓውያን ያጡት ሀብት ነው። ጥያቄው የራሱ ይሁን ነው የምንለው። ከዚያም በላይ በአውሮፓ የትምህርት ክፍል ተማሪ ከመምህሩ ጋር ፊት ለፊት እንዲከራከር ይጠበቃል። በመምህር ፊት ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ተምሮ ላደገ የእኛ ተማሪ ይህ ከኅዳር ብርድ የባሰ ነው። ስለ ቀዬው የለካውን ቁጥር የያዘ ተማሪ ግን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ማንም የማያውቀውን ያውቃልና አንደበቱ ይፈታል።

«ከሄዱ አይመለሱም» የሚሉም አሉ። የማይመለስ መኖሩ እውነት ነው፤ በየሰውም ምክንያት ላይ አንፈርድም። በማስፈራራትና በዋስ ብቻ ሰውን ማስመለስ እንደማይቻል ግን ዘመናት አስተምረውናል። ግማሹ መረጃ በቀዬው የቀረበት፣ መጪው ክረምት የሚጠብቀው ተማሪ ለመመለስ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ይኖረዋል።

ምን ይደረግ?

የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፋኩልቲዎች ለልውውጥ ሲመርጡ ከአማካይ ውጤት ጎን ለጎን ሁለት ገጽ የጥያቄ ጽሑፍና ተማሪው ራሱ የመዘገበውን መረጃ ይመዝኑ። ሁለተኛ፣ የክሬዲቱ ጉዳይ ከመሄዱ በፊት በጽሑፍ ይለቅ። ሦስተኛ፣ አቅም ለሌለው ተማሪ የፓስፖርት፣ የፈተናና የጉዞ ወጪ አስቀድሞ የሚሸፍን፣ አበሉ ሲደርስ የሚመለስ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ይቋቋም። አራተኛ፣ የተመለሰ ተማሪ በተማረበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ትምህርት ይስጥ፤ ያገኘውንም ውጤት በሁለት ገጽ አማርኛ ጽፎ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያስረክብ።

አራተኛውን አጥብቀን እንይዘዋለን። ስለ አፈራችን የተጻፉ ብዙ ጥናቶች አፈሩን የሚያርሰው ገበሬ በማያነበው ቋንቋ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። የአንጀኒ ገበሬ ማሳውን ለእርከን ሲሰጥ የሚያርሰው መሬት ጠቦበታል፣ በሬውን ማዞር ቸግሮታል፣ ዝናብ ሲበዛም ከግድቡ ሥር ውኃ ይተኛበታል፤ ስለዚህ በጥናቱ ምን እንደተገኘ የማወቅ መብት አለው። ሳይማር ያስተማረን እርሱ ነውና።

አንተ ይህን የምታነብ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ አንቺም የመጀመሪያ ዓመት የሳይንስ ተማሪ፣ ማስታወቂያው እስኪለጠፍ አትጠብቁ። መጪው ክረምት ሲገባ አንድ ጣሳ፣ አንድ ማስመሪያና አንድ ደብተር አዘጋጁ። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጥያቄያችሁን ጻፉ፤ ከዚያ በታች ቀኑን፣ የዝናቡን መጠንና የውኃውን ድፍርስነት መዝግቡ። ያ ደብተር አንድ ቀን አሬ ወንዝ ዳር ይደርስ ይሆናል፤ ባይደርስም እንኳ ስለ ላህ ወንዝ ማንም ያልጻፈውን ይዟልና አይባክንም።